ሠርኬ አልታመመችም

መጀመሪያ የመጣው የሴትዮዋ ድምፅ ነው።

«ኤ ቴን-ይር-ኦልድ ገርል» አለች ሴትዮዋ። ወዲያው ስልሳ የሚሆኑ ልጆች አንድ ላይ እየጮኹ ደገሙት።

ሠርኬ ባለችበት ቆመች። ድምፁ የሚመጣው ከትምህርት ቤቱ አጥር ባሻገር፣ ከዘጠነኛ «ለ» መስኮት ነው። ዘጠነኛ «ለ» የእሷ ክፍል ነው። ሴትዮዋንም ታውቃታለች። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ፕላዝማ ቴሌቪዥን እየመጣች እንግሊዝኛ የምታስተምር፣ ፈጥና የምትናገር፣ «አልገባኝም» ቢሏት የማትሰማ ሴት ናት።

ዛሬ ከሰዓት ግን መምጣት አልነበረባትም። ዛሬ ከሰዓት ትምህርት የለም ተብሏል።

«መምህራኑ ግምገማ አላቸው» ብላት ነበር የክፍል ጓደኛዋ ሩሀማ፣ ጠዋት የሠርኬ አጎት ሱቅ ድረስ መጥታ። «በከንቱ እንዳትደክሚ። ዘበኛው ራሱ አያስገባም።»

መምህራን ግምገማ በተቀመጡ ቁጥር ትምህርት ስለሚዘጋ ሠርኬ አልጠረጠረችም። ደግሞስ የነገረቻት ሩሀማ አይደለች? ዩኒፎርሟን አጣጥፋ መለሰች። አጎቷ ጋሽ ጎበዜ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ ማየት ስለማይወዱ አንዱ ባንዱ ውስጥ የተሰካኩ የፕላስቲክ ባልዲዎች በሲባጎ አስረው ሰጧትና «መሳለሚያ እትዬ ፈሪዳ ጋ አድርሺልኝ» አሏት። አሁን ያንን ከቁመቷ የማይተናነስ የባልዲ ቁልል ታቅፋ፣ አጥሩ ሥር ቆማ፣ የራሷን ክፍል ትሰማለች።

የሴትዮዋ ድምፅ አለቀ። ቀጥሎ የመጣው የእንግሊዝኛ መምህራቸው የቲቸር ካሳ ድምፅ ነው።

«እሺ፣ ዝም በሉ። የሩሀማ ቡድን። ዕጣው የወጣው ለ...» ወረቀት ሲፈታ የቆየ መሰለ። «ለሠርኬ። ሠርኬ፣ ተነሺ።»

ሠርኬ አጥሩ ሥር ሆና ልትነሳ ምንም አልቀራት። መቆሟን ረስታ ነበር።

«የለችም ቲቸር» አለች ሩሀማ። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። «አሟታል።»

«ምኗን?»

«ሆዷን መሰለኝ።»

«እግዜር ይማራት። እንግዲያው ሌላ እናውጣ።»

ክፍሉ ውስጥ አንድ ለአምስት የሚባል አደረጃጀት አለ። አምስት አምስት ልጆች ከመካከላቸው አንዱን ጎበዝ መሪ አድርገው ተቧድነው ያጠናሉ። ቲቸር ካሳ ደግሞ የራሱን ሕግ ጨምሮበታል፦ ከአምስቱ አንዱን በዕጣ ያስነሳና ይጠይቀዋል፣ ያ ልጅ ያገኘው ማርክ የአምስቱም ማርክ ይሆናል። የቀረ ካለ ዕጣው እንደገና ይወጣል። ቲቸር ካሳ ይህን ያመጣው ጎበዙ ሰነፉን እንዲያስጠና ብሎ ነው። ልጆቹ ግን ከርመው ሌላ መንገድ አገኙለት። ሰነፉን ከማስጠናት ሰነፉን ማስቀረት ይቀላል። የበሽር ቡድን ባለፈው ወር አንዱን ልጅ ኳስ ጨዋታ አለ ብሎ ሰዶት እንደነበር ሠርኬ ሰምታለች። ሰምታም ስቃለች።

ሁለተኛው ዕጣ ለሩሀማ ወጣ። ሠርኬ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ሰማቻቸው። ሩሀማ ሳትመልሳቸው በፊት እሷ በሆዷ ትመልሳቸው ነበር። ሁሉንም ባይሆን አብዛኛውን። ጭብጨባ ተሰማ።

«አስር ከአስር» አለ ቲቸር ካሳ። «ሠርኬም የዚህ ተካፋይ ናት። ቶሎ ይማራትና ንገሯት።»

በአጥሩ ላይ «አለሁ» ብላ ልትጮህ አሰበች። አፏ አልከፈት አላት። የባልዲውን ቁልል አጥብቃ ከመያዟ የተነሳ ሲባጎው ክንዷ ላይ ሰምበር አወጣ።

ወደ መሳለሚያ ስትወርድ ከፊቷ የሚመጣውን ሰው አታይም። የመርካቶ ተሸካሚዎች «ዞር በይ፣ ዞር በይ!» እያሉ ያልፏታል፣ የሚኒባስ ረዳቶች ይጣራሉ፣ እሷ ግን የምትሰማው «ሆዷን መሰለኝ» የሚለውን ብቻ ነው። መሰለኝ። እንዲያውም እርግጠኛ እንዳልሆነች አስመስላ ነው የዋሸችው።

ያናደዳት ውሸቱ ብቻ አይደለም። ባለፈው ወር ዕጣው ለሠርኬ ወጥቶ እንደ ምሰሶ ተገትራ አራት ከአስር ስታመጣ፣ አምስቱም አራት አግኝተው ነበር። ሩሀማ አኩርፋ ከርማ በራሷ ጊዜ ታረቀቻት። «በሚቀጥለው አትወድቂም፣ እኔ አለሁልሽ» አለቻት። ሳምንቱን ሙሉ እየመጣች፣ ባልዲ ደፍታ ላዩ ላይ እየተቀመጠች፣ ሱቁ ውስጥ አስጠናቻት።

«‹ባለ አራት በር መኪና› ትያለሽ አይደል?» ትላታለች ሩሀማ። «እንግሊዝኛውም ያው ነው። አራቱንና በሩን አስረሽ ከመኪናው ፊት ታስቀምጫለሽ። ኤ ፎር-ዶር ካር።»

«በሩ አራት ከሆነ ‹ዶርስ› አይባልም?»

«አንቺስ ‹ባለ አራት በሮች መኪና› ትያለሽ?»

ሠርኬ ሳቀች። ገጠር ሳለች እንግሊዝኛ ማለት በር የሌለው ቤት ይመስላት ነበር፤ ዙሪያውን ትዞረዋለች እንጂ መግቢያ አታገኝለትም። ያን ቀን ግን በሩን ያገኘችው መሰላት። ከዚያ ወዲያ ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ያናግራት ጀመር። ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን፣ ባለ ሁለት እጀታ ሳፋ፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ። ሁለቱን ቃል በሲባጎ እንደማሰር ነው። ደንበኛ ሲመጣ እያንሾካሾከች ትደጋግመዋለች።

«ልጅቷ ምን ትላለች?» ብሎ ጠየቀ አንዱ ገዢ።

«ዕቃዬን ለእንግሊዝ እየሸጠችብኝ ነው» አሉ ጋሽ ጎበዜ።

እና ሠርኬ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተማሪ እንዲጠይቃት ፈልጋ ነበር። ዕጣው ለእሷ እንዲወጣ ተመኝታ ነበር። ወጣም። አጥሩ ሥር ሆና ሰማችው።

እትዬ ፈሪዳ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሲባጎውን ፈቱ። ባልዲዎቹን አንድ በአንድ እየመዘዙ፣ ወደ ብርሃን እያነሱ፣ በጣታቸው እያንኳኩ ያያሉ።

«ለምንድነው ሁሉንም የሚያዩት እትዬ?» አለች ሠርኬ። ቁጣው ሳታስበው ከድምፅዋ ጋር ወጣ።

«ጎበዜን ስለማውቀው ነዋ የኔ ልጅ። ከላይ ደህና፣ ከታች ደህና፣ መሀሉን ግን አላህ ያውቀዋል።» አንዱን ባልዲ መዘዙና ገለበጡት። ከአፉ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል። እትዬ ፈሪዳ አልተናደዱም። እንዲያውም ፈገግ አሉ። «ይኸውልሽ። ከመሀል ተሸጉጦ። ይህን መልሺለትና ፈሪዳ ዓይኗ አልጠፋም በይው።»

ሠርኬ የተሰነጠቀውን ባልዲ ይዛ ተመለሰች። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ልትወረውረው ፈልጋ ሁለት ጊዜ ተወችው። ሱቁ ስትደርስ አጎቷ እግር ሥር አኖረችው። ቀስ ብላ አልነበረም።

«አየችው?» አሉ ጋሽ ጎበዜ።

«አዩት።»

«አይ ፈሪዳ» አሉ፣ የተደነቁ መሰሉ። «እኔ እኮ ምን አለ አንድ ቢሄድ ብዬ ነው።»

ሠርኬ ወደ ጓዳው ገብታ ያልቆሸሸ ወለል መጥረግ ጀመረች።

ወደ አስራ አንድ ሰዓት ግድም ሩሀማ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች መጣች። ሳቅ ሳቅ ይላታል። ሁልጊዜ እንደምታደርገው አንድ ባልዲ አንስታ ልትደፋ ስትል ሠርኬ ቀደመቻት።

«ግምገማው እንዴት ነበር?»

የሩሀማ እጅ ባልዲው ላይ ቀረ። «የቱ... እ፣ እሱማ ተሰርዞ ኖሮ፣ እኛም ደርሰን ነው የሰማነው። ልልክብሽ ብዬ...»

«ሆዴንስ? ሆዴ እንዴት ሆነ?»

ሩሀማ ወደ ጋሽ ጎበዜ ዞር ብላ አየች። ሰውየው ከደንበኛ ጋር ይከራከራሉ። «ቀስ በይ ባክሽ። ማነው የነገረሽ? ኢምራን ነው አይደል? ይሄ ቀዳዳ።»

«ጆሮዬ ነው የነገረኝ። አጥሩ ሥር ነበርኩ። ያን ሁሉ ባልዲ ታቅፌ። ዕጣው ለእኔ ሲወጣ ሰምቻለሁ።»

ሩሀማ መካዱ እንደማያዋጣ ሲገባት ወደ ቁጣ ዞረች። «እሺ ዋሽቻለሁ። ምን ይጠበስ? አስር አገኘሽ እኮ። ቁጭ ብለሽ። አስር ከአስር።»

«ማን ስጪኝ አለሽ?»

«ባለፈው አራትስ ማን ስጪኝ አለሽ? እኔ ነኝ አራት ስጪኝ ያልኩሽ? እስቲ አስቢው ሠርኬ። እንደዚያ ተገትረሽ ብትቀሪስ? የዚህ ዓመት ውጤት ነው ለከርሞ የጎበዞቹ ልዩ ክፍል የሚያስገባው። አንቺ ብትወድቂ አጎትሽ ባልዲ ይዘሽ ሂጂ ይሉሻል፣ አለቀ። እኔን አባቴ ማታ ሲገባ ‹ስንተኛ ነሽ› ነው የሚለኝ። እንዴት ዋልሽ ብሎኝ አያውቅም።»

ሠርኬ ይህን አታውቅም ነበር። ቢሆንም ንዴቷ ፈቀቅ አላለም። ማወቋ እንዲያውም አባሰባት።

«ታዲያ ለምን አስጠናሽኝ?»

«ምን?»

«ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ባልዲ ላይ ተቀምጠሽ። ለምን? ልታስቀሪኝ ከሆነ ለምን ደከምሽ?»

ሩሀማ የቦርሳዋን ማንገቻ ማጠማዘዝ ጀመረች። «ያን ጊዜማ ላስቀርሽ አላሰብኩም። ትናንት ነው የፈራሁት።»

«ትችላለች ብለሽ አምነሽኝ ነበር?»

«አላውቅም።»

«አዎ ወይም አይደለም በይ።»

«አላውቅም አልኩሽ እኮ ሠርኬ።»

«አይደለም» ብትላት ይሻል ነበር። ለ«አይደለም» ሠርኬ የምትመልሰው ነበራት። «አላውቅም» ግን እንደ ሙጫ እጇ ላይ ቀረ።

ጋሽ ጎበዜ ደንበኛቸውን ሸኝተው ዞሩ። «ምንድነው የምትጯጯሁት? አስር ምናምን ሰማሁ። ማነው አስር ያገኘው?»

«ሠርኬ ናት ጋሽ ጎበዜ» አለች ሩሀማ ፈጥና። «በእንግሊዝኛ።»

«እሷ? ዛሬ እዚህ አይደል የዋለችው?»

«የቡድን ነው። ቡድኑ ካገኘ እሷም ታገኛለች።»

ጋሽ ጎበዜ ነገሩን በአእምሯቸው መዘን አደረጉት። «ሳትሄድ አገኘች ነው የምትዪኝ? መርካቶ ውስጥ በነፃ? ታዲያ ምን ያኮሳትራታል፣ ተቀብሎ ዝም ነው እንጂ።»

«እንደ ባልዲው» አለች ሠርኬ።

«የቱ ባልዲ?»

«መሀል የሸጎጡት።»

ጋሽ ጎበዜ ሊስቁ ብለው ፊቷን ሲያዩ ተዉት። ሩሀማ ቦርሳዋን አንጠለጠለች። ሱቁ በር ላይ ደርሳ ዞር አለች። ድምፅዋ አሁን የልመና ነው።

«ነገ ቲቸር ‹ተሻለሽ ወይ› ብሎ ይጠይቅሻል። ‹አዎ› በይው። አንድ ቃል ናት። ከዚያ በኋላ ከፈለግሽ ዓመቱን ሙሉ አታናግሪኝ።»

በማግስቱ ሠርኬ ክፍል ስትገባ ቡድኑ ረጅሙ ዴስክ ላይ ተደርድሯል። ዳር ያለው የእሷ ቦታ ነው፣ ከእሷ ቀጥሎ ሩሀማ። ሠርኬ ተቀመጠች። ክርናቸው እንዳይነካካ ሁለቱም ሰበሰብ አሉ።

ጫልቱ ከሩሀማ ወዲያ አንገቷን አስግጋ አየቻት። የነገሯትን ሁሉ የምታምን ልጅ ናት። «ተሻለሽ? ለእናቴ ስነግራት ዳማ ከሴ ልላክላት እኮ ብላ ነበር።»

«የእሷ በሽታ የፈረንጅ ነው» አለ ከጫልቱ ቀጥሎ ያለው ኢምራን። «ዳማ ከሴ አያውቀውም።» ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አፍንጫው አጋለጠው።

እሱም ያውቃል ማለት ነው።  ስንቱ ነው የሚያውቀው? ማነው ትናንት «ሆዷን መሰለኝ» ሲባል በእጁ አፉን የያዘ?

ቲቸር ካሳ ገባ። ቾኩን ከኪሱ አወጣ፣ ክፍሉን ቃኘና ዓይኑ እሷ ላይ አረፈ።

«ሠርኬ። ተሻለሽ?»

አንድ ቃል ናት። ምላሷ ላይ ተቀምጣለች። ሩሀማ እስክሪብቶዋን ደብተሯ ላይ አቁማ፣ ሳትጽፍ፣ ሳታነሳው ትጠብቃለች።

«አላመመኝም ቲቸር» አለች ሠርኬ።

ኢምራን በዴስኩ ሥር ሊረግጣት ሞክሮ ጫልቱን ረገጠ።

«አላመመሽም? ታዲያ የት ነበርሽ?»

«ባልዲ ሳደርስ።»

ክፍሉ ሳቀ። ቲቸር ካሳ ግን አልሳቀም። «ባልዲ» አለ። «ትምህርት ትተሽ።»

«ትምህርት መኖሩን አላወቅኩም።»

«የለም ያለሽ ማነው?»

ሠርኬ ይህን ጥያቄ ከትናንት ጀምራ ስትጠብቀው ነበር። ወለል ስትጠርግ፣ ሱቁን ሲዘጉ፣ ዛሬ በእህል በረንዳ በኩል ስትመጣ፣ መልሱን በአፏ ስታላምጠው ነው የቆየችው። ጮክ ብላ ልትለው፣ ክፍሉ በሙሉ እንዲሰማ፣ ዘጠነኛ «ሀ» ድረስ እንዲሰማ። ዘንበል ብላ ሩሀማን አየቻት። ሩሀማ አላየቻትም። አንገቷ ላይ ያለው ሥር ይዘላል።

«ዕጣው የወጣው ለእኔ ነበር» አለች ሠርኬ። «ይጠይቁኝ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ።»

«አውቃለሁ ቲቸር። ግን ይጠይቁኝ።»

ቲቸር ካሳ ቾኩን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወረ። «ማርኩ ገብቷል። አሁን ብትሳሳቺ አምስታችሁም ነው የምትወርዱት። ይገባሻል?»

«ይገባኛል።»

«ሠርኬ፣ በእናትሽ» አለ ኢምራን በሹክሹክታ። አሁን የሚስቅ አይመስልም።

«ተነሺ እሺ።»

ተነሳች። 

«አራት በር ያለው መኪና።»

«ኤ ፎር-ዶር ካር።»

«አስር ደቂቃ የሚፈጅ የእግር መንገድ።»

«ኤ ቴን-ሚኒት ዎክ።»

«ዕድሜው ስድስት ዓመት የሆነ ልጅ።»

«ኤ ሲክስ-ይር-ኦልድ ቻይልድ።»

 ቲቸር ካሳ ወደ መስኮቱ ሄዶ ተመለሰ። «አንድ ዓይን ያለው ሰው።»

ይህ ቀላል ነው። ባለ አንድ ዓይን። አንዱንና ዓይኑን አስሮ ከሰውየው ፊት ማስቀመጥ ነው። «ኤ ዋን-አይ ማን» አለች።

«ዋን-አይድ» አለ ቲቸር ካሳ። «የሰውነት ክፍል ሲሆን መጨረሻው ላይ ይጨመርበታል። ሩሀማ ይህን ትናንት አልሳተችውም።»

ከአጠገቧ ሩሀማ ትንፋሽዋን ስትለቅ ሠርኬ ሰማቻት። ሊያጠኑት የረሱት እሱን ነበር። ወይ ሩሀማ ነግራት እሷ አልያዘችው ይሆናል። አሁን ማንም አያውቀውም።

«የመጨረሻ። ሰው የሠራው ሐይቅ።»

ሠርኬ ይህን አታውቀውም። በር የለው፣ ሊትር የለው፣ ዓመት የለው። ባለፈው ወር የነበረው ዝምታ እግሯ ሥር መጥቶ ቁርጭምጭሚቷን ሲይዛት ተሰማት። ከኋላ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰው የሠራው። ሱቁ ውስጥ፣ ማንም የማይገዛቸው ቅርጫቶች ላይ የተለጠፈ ትንሽ ወረቀት አለ። በእጅ የተሠራ ይላል፣ በእንግሊዝኛ። ሃንድ-ሜድ። እጅ ከሆነ ሃንድ፣ ሰው ከሆነ...

«ኤ ማን-ሜድ ሌክ» አለች።

ቲቸር ካሳ ራሱን ነቀነቀ። «አንድ ስተሻል። ስምንት ነው። ስምንት ጥሩ ነው ሠርኬ።» ከዚያ ወደ ዴስኩ በሙሉ አየ። «የቡድኑም ስምንት። ሕግ ሕግ ነው።»

ከኋላ አንድ ልጅ ማጨብጨብ ጀምሮ ብቻውን መሆኑን ሲያይ አቆመ። ኢምራን ግንባሩን ዴስኩ ላይ ደፋ። ጫልቱ «ስምንት እኮ...» ብላ ጀመረችና የሌሎቹን ፊት አይታ ተወችው።

ሠርኬ ተቀመጠች። ይቀለኛል ብላ ነበር፣ ግን አልቀለላትም። ደረቷ ውስጥ ያለው እንደጋለ ነው። ዞር ብላ ሩሀማን አየቻት። ስድብም ቢሆን ከአፏ እንዲወጣ ፈለገች። «አየሽ፣ ይኸው አወረድሽን» እንድትላት ፈለገች። መልሷን አዘጋጅታለች።

ሩሀማ እስክሪብቶዋን ከደነች። ደብተሯን ዘጋች። ሁለቱንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ የቦርሳውን ዚፕ ቀስ ብላ እስከ ጫፉ ሳበችው፣ አንጠለጠለችውና ቆመች።

መውጫው በሠርኬ በኩል ብቻ ነው። ሠርኬ ካልተነሳች ማለፍ አይቻልም። ሩሀማ «አሳልፊኝ» አላለችም። ቆማ ጠበቀች። ሠርኬ ጉልበቷን ዴስኩ ላይ አስደግፋ መቆየት ትችል ነበር፣ እስክታናግራት ድረስ፣ አንድ ቃል እስክትሰማ ድረስ።

ተነሳች። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ መንገዱን ለቀቀችላት።

«ሩሀማ» አለ ቲቸር ካሳ። «ወዴት ነው? ገና አልተደወለም።»

ሩሀማ በሰሌዳውና በእሱ መካከል አልፋ፣ ወደ ማንም ሳትዞር፣ በሩን ከፍታ ወጣች።